በእድሩ ድንኳን ሥር

ጥፋቱ የድንኳኑ ነው ብል አጎቴ ህሩይ ይቆጣኛል፤ ያዋሰው እሱ ነውና። የፀሐይዋ ነው ብልም ስፖርት አሠሪው ልዑልቃል ይስቅብኛል፤ የአዘዞ ፀሐይ በሚያዝያ መክረሯ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ማንንም ሳልከስ ልናገር።

እናቴ እንኳየሁ ዊልቸር ላይ መዋል ከጀመረች ቆይታለች። ዳሌዋ ተሰብሮ ነው። የመርሳቱ ነገር ከስብራቱ ይቅደም ይከተል አሁን እኔም አላውቅም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ የረሳችው ትንሽ ትንሹን ነው፤ ቁልፍ የት እንዳኖረች፣ ቁርስ ትብላ አትብላ። ቀጥሎ የሰው ስም ጠፋት። ቀጥሎ ሰዎቹ ራሳቸው። እኔ አማረች፣ የበኩር ልጇ፣ አንድ ቀን እህቷ ነኝ፤ አንድ ቀን ጎረቤት ነኝ፤ ቀን ሲከፋ ደግሞ ማሰሮ ሰብሬባት የኮበለልሁ ሠራተኛ ነኝ።

አንድ ጊዜ ትዕግሥቴ አልቆ፣ "እማዬ፣ እኔኮ ልጅሽ ነኝ!" ብዬ ጮኽሁባት። ቀና ብላ አየችኝና፣ "የኔ ልጅ ሸጋ ናት፤ እንዳንች አትጮህም" አለችኝ። ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስሁ።

ወንድሜን ስማቸውን ግን አልረሳችም። ፊቷን በሳፋ ሳጥባት፣ ገና ዓይኗ ውስጥ ውሃ እያለ፣ "ስማቸው መጣ?" ትላለች። በየጠዋቱ። እኔም፣ "ነገ ይመጣል" እላለሁ። እሷም ደስ ይላታል።

ስማቸው ሾፌር ነበር። ዛሪማ እየተመላለሰ እህል ይጭናል። ሲመለስ ከቤት ሳይደርስ ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ ክላክስ ያደርጋል፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። እናቴ ያንን ስትሰማ የያዘችውን ጥላ ደጅ ትወጣለች። ዊልቸር ላይ ከዋለች በኋላም ድምፁን ስትሰማ ወደ በሩ ግፉኝ ትል ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ መስከረም ሳይጠባ፣ ከዛሪማ ሲመለስ ሊማሊሞ ላይ ማኪናው ከነጭነቱ ገደል ገባ። ወንድሜ እዚያው አረፈ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ህሩይ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ነው። መርዶ መናገር ያውቅበታል። ሰውየውን ቁጭ ያደርገዋል፣ ውሃ ያስቀርብለታል፣ ስለ አዝመራው ይጠይቀዋል፣ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ ሲያበቃ ሰውየው ራሱ ገብቶት "ማን ሞተብኝ?" ብሎ እስኪጠይቅ ይጠብቃል። በዚህ ሰፈር እሱ ማለዳ በር ሲያንኳኳ ደስ የሚለው ሰው የለም። ለእህቱ ሲሆን ግን አቃተው። በሩ ድረስ መጣና ከእኔ ጋር ደጅ ቆመ።

"አይነገራትም" አለኝ። "ዛሬ ብንነግራት ነገ ትረሳለች። ነገ ስማቸው መጣ ስትል ደግመን ልንነግራት ነው? ከነገ ወዲያስ? በየጠዋቱ ልጇን ልንገድልባት ነው?"

እውነቱን ነበር። አሁንም እውነቱን ነው እላለሁ። እኔም እሺ አልሁ።

ቀብሩ አባታችን አገር ዳባት ነበር። ስወጣ እናቴ፣ "የት ነው?" አለችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ "ሠርግ" የሚል ነው። ፊቷ በራ። "እኔ እግሬን አሞኝ ነው በያቸው። እልል በይልኝ" አለችኝ። ያንን አደራ ይዤ ነው ወንድሜን የቀበርሁት።

እንግዲህ ያልተነገረው ሰው ካለበት ቤት ለቅሶ አይቀመጥም። ለቀስተኛው አጎቴ ቤት ገብቶ አጎቴ ቤት ወጣ። እኔም ጥቁር አልለበስሁም። እናቴ ሰው ትርሳ እንጂ ልብስ አትረሳም፤ ጥቁር ያየች ቀን "ማን ሞቶብሽ ነው?" ማለቷ አይቀርም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰውን ሁሉ የሐዘን ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ። ለራሴ የሰፋሁትን ጥቁር ቀሚስ ሳልለብሰው አጣጥፌ ከቁም ሳጥኑ ሥር አኖርሁት። ማልቀስ ሲመጣብኝ መኪናውን በእግሬ አከንፈዋለሁ፤ ድምፁ ድምፄን ይውጠዋል። ጎረቤቶቼ፣ "አማረች ሥራ በዛላት" ይሉ ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ በወጣትነቷ ዳባት ላይ ሙሾ አውራጅ ነበረች። እንኳየሁ ያላወረደችለት ሬሳ በወጉ አልተሸኘም ይባል ነበር። ገበሬውን በበሬው፣ ቄሱን በመቋሚያው፣ ሴቲቱን በሞያዋ አንስታ ታስለቅሳለች። የጠላቷን እንኳ ለቅሶ ደርሳ አሳምራ አልቅሳለታለች። የገዛ ልጇ ግን ያለ እሷ ድምፅ ተቀበረ። አጎቴ ትክክል ነው እላለሁ፤ እላለሁና ደግሞ፣ የልጇን ሞት አላስቀረንላትም፤ ለቅሶዋን ግን ወሰድንባት እላለሁ። ሁለቱን ሐሳብ እያፈራረቅሁ ስሰፋ ስንት ጊዜ ጣቴን ወጋሁ።

ስፖርቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስፖርት የምንለው እኛ ነን። ልዑልቃል፣ "የወንበር ላይ እንቅስቃሴ ነው" ይላል። ልጁ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ ሰፈሩ ግን ዶክተር ብሎ ሾሞታል፤ እሱም ማረም ሰልችቶት ተቀብሏል። የእናቴ ቀኝ ትከሻ ደርቆ ነበር። እጇ ከአገጯ በላይ አይወጣም፤ ማንኪያው አፏ ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ እኔ ሳጎርሳት አፏን ትዘጋብኝ ጀመር። "ሕፃን ነኝ እንዴ?" ትላለች። ለብዙ ነገር ግድ የላትም፤ ሰው ያጉርሰኝ ማለት ግን አልሆነላትም። ልዑልቃል አይቷት፣ "በየጊዜው በቀስታ ካልተንቀሳቀሰ ይህም ያላት ይሄዳል" አለኝ። ማክሰኞና አርብ በእድሩ ግቢ እንደ እሷ ያሉትን እየሰበሰበ ያሠራ ነበር። በባጃጅ መውሰድ ጀመርሁ፤ እሷ ከፊት፣ ዊልቸሩ ታጥፎ ከኋላ፣ እኔ ከዊልቸሩ ሥር።

ልጁ ደግነት አለው። ቆሞ አያዝም። የሁሉንም ዊልቸር ፍሬን ይይዛል፣ እግራቸው ማረፊያው ላይ መሆኑን ዝቅ ብሎ ያያል፣ ከዚያ እሱም ወንበር ስቦ ከፊታቸው ይቀመጣል። ዓይኑ ከዓይናቸው እኩል ይሆናል። ብዙ አይናገርም። "ቃሉ ቢጠፋቸው ዓይናቸው አይጠፋቸውም" ይለኛል። ተረከዙን ያነሳል፣ ይጠብቃል፤ እነሱም አይተው አይተው ያነሳሉ። ያልቻለውን አይጎትትም። ያመመውን ያስቆማል። እኔ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋሁትን ኳስ ያቀባብላቸዋል፤ ኳሱ እናቴ ዘንድ ሲደርስ ጉያዋ ውስጥ ይቀራል፤ "የሰጡኝን አልመልስም" ትላለች።

ከሁሉም የሚያስቀኝ አያ ዳኛው ናቸው። የአይከል ገበሬ ነበሩ፤ አሁን ከልጃቸው ጋር አዘዞ ይኖራሉ። ልዑልቃል "ትከሻችንን እናዙር" ያለ ቀን እሳቸው እስክስታ ወረዱ። ጎንደር ላይ ለሽማግሌ ትከሻህን አዙር ብሎ ዝም ብሎ ያዞራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው መቼም ሞኝ ነው። ዊልቸሩ እስኪንቀጠቀጥ መቱት። እናቴም በግራ ትከሻዋ መለሰችላቸው፤ ቀኙ ግን ዝም አለ።

እንዲህ እያልን መኸርና በጋ አለፈ። የእናቴ እጅ ጥቂት ጥቂት ላላ፤ ከአገጭ እስከ ከንፈር ደረሰ እንበል። ማንኪያው ግን ገና እየተንቀጠቀጠ ነበር። "ስማቸው መጣ?" የሚለውም እንዳለ ነበር።

ያን ማክሰኞ የእድሩ አዳራሽ ቆርቆሮ ስለጋለ ልዑልቃል ደጅ እንሥራ አለ። ደጁም ጥላ የለውም። አጎቴ ህሩይ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ፣ "ድንኳኑ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ የለ? እንትከለው" አለ። ተከልነው። ያ የሐዘኑ ድንኳን ነው፤ የእድራችን ስም በነጭ ቀለም የተጻፈበት ሰማያዊ ሸራ። ለአስታማሚዎች ደግሞ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች አውጥቶ በሁለት በኩል ደረደረልን። አጎቴ ሲደረድር እጁ የለመደውን ነው የሚደረድር፤ ወንዶቹን በዚህ፣ ሴቶቹን በዚያ። ይህን ሁሉ አየሁ። አንዳችንም ምን እንደሠራን አላሰብንም። ጥላ ሆነልን ብለን ደስ ብሎን ገባን።

አያ ዳኛው ሸራውን አንጋጠው አዩና፣ "ሙሽሮቹ ደረሱ?" አሉ። ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም። ጣሪያውን አየች፤ ወንበሮቹን አየች፤ በር ላይ ነጭ ጋቢውን ለብሶ የቆመውን አጎቴን አየች።

በዚህ መሐል ከገበያ የምትመለስ አንዲት የማናውቃት ሴት በመንገዱ ስታልፍ ድንኳኑን አየች። ዘንቢሏን ከደጅ አኖረች። የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አዘቀዘቀች። ገባች፣ ጎንበስ ብላ ሁላችንንም፣ "እግዜር ያጥናችሁ" አለችና ከአግዳሚው ጫፍ ቁጭ አለች። አልፎ ሂያጅ ለቅሶ ሳይደርስ አያልፍም፤ ወጋችን ነው። እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ልነግራት ልነሳ ስል ልዑልቃል ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ጀምሮ ነበር። አዲስ እንቅስቃሴ ነበር ያመጣው፤ የመተንፈሻ።

"ሁለቱን እጃችንን ወደ ላይ" አለ፣ እያነሳ። "አየር እንስባለን። ቀስ አድርገን ደረታችን ላይ እናሳርፋለን።"

አነሱ። ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ደግመው አነሱ፣ ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ያ ሁሉ ሽማግሌና አሮጊት፣ በእድሩ ድንኳን ሥር፣ በክብ ተቀምጦ፣ እጁን ወደ ሰማይ እያነሳ ደረቱን ይመታል። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት ይህን ስታይ ጊዜ "ወይኔ!" ብላ እንባዋን ለቀቀችው። ያኔ ገባኝ።

እናቴ ግራ እጇን ደረቷ ላይ ጣል አደረገች። ደገመች። በሦስተኛው ጠንከር አደረገችው፤ ድው ሲል ሰማሁ።

"ሙሽሮቹስ?" አሉ አያ ዳኛው።

"አያ ዳኛው፣ ምነው?" አለች እናቴ። "ሰው ሞቶ የምን ሙሽራ ነው?"

የአያ ዳኛውን ስም ጠርታ ማለቷ ነው! የኔን ስም ከጠራች ስንት ጊዜዋ። ድምፁም የዱሮዋ ነበር፤ ዳባት ላይ ሕፃን ሆኜ ቀሚሷን ይዤ የሰማሁት፣ ሰውን ሁሉ ዝም የሚያሰኘው። ዙሪያውን አየች።

"የማን ነው ለቅሶው?"

ልዑልቃል ከወንበሩ ወርዶ በጉልበቱ ተንበረከከ። "እማማ እንኳየሁ፣ ስፖርት ነው። እጃችንን እያፍታታን ነው።"

"ተው አንተ ልጅ። ለቅሶ አላውቅም?" አለችው። "ስሙን ንገሩኝ። ስም ሳይያዝ አይለቀስም። ማን ይባላል?"

አጎቴ ከበሩ ተራመደ። "እታለም፣ አታውቂውም። የጠዳ ሰው ነው" አላት። ወደ እኔም ዓይኑን ጠቀሰኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው።

"የጠዳ ሰው ስም የለውም?"

አጎቴ አፉን ከፈተ። በዚህ ሰፈር ስንቱን መርዶ የነገረ ሰው አንድ የውሸት ስም ማግኘት አቃተው። አንዱን አበበ ወይ ከበደ ቢለው ምን ነበር? እሷም ያንኑ አንስታ ታለቅስ ነበር፤ ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር፤ በማግስቱም ነገ ይመጣል እላት ነበር። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አሰብሁት። ግን ደግሞ እናቴ አፏን ለሙሾ ከከፈተች ስንት ዓመቷ ነው? ዳግመኛስ ትከፍት ይሆን? ያ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቶት ቢሆንስ? እሱን ለሌለ ሰው ላባክነው? ስማቸው አፈር ለብሶ እሱን ሲጠብቅ?

"አንች ንገሪኝ" አለችኝ፣ ወደ እኔ ዞራ።

"ስማቸው ነው" አልሁ።

"አማረች!" አለ አጎቴ።

"ስማቸው" አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ። "ሸጋ ስም ነው። የኔም ልጅ ስማቸው ነው። ሥራውስ ምን ነበር?"

"ሾፌር።"

"የኔም ሾፌር ነው።" ወደ እኔ ጎንበስ አለች። "የት ላይ አረፈ?"

"ሊማሊሞ። ከዛሪማ ሲመለስ።"

እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ ሲያፍተለትሉት አየሁ። አሁን ይገባታል፣ አሁን ትወድቅብኛለች፣ አጎቴ እንዳለው በገዛ አፌ ልጇን ገደልሁባት እያልሁ ጠበቅሁ።

"እናት አለችው?" አለች።

"አለችው።"

"የታለች ታዲያ?"

"እዚሁ ናት" አልሁ።

"እሷን ሳትይዙ ነው የምታለቅሱ?" አለችን። በጣም ተቆጣች። "ምን ያላችሁ ሰዎች ናችሁ?" ሁለት እጇንም አነሳች። ግራውንም ቀኙንም። ያ የደረቀ ትከሻ፣ እኔ በቅባት ሳሸው የከረምሁት፣ ከአገጯ አለፈ፣ ከግንባሯ አለፈ፣ ከሻሿ በላይ ወጣ። ከዚያ ደረቷ ላይ ወረደ፤ ዜማውም አብሮት ወረደ።

እናቱን ጥሩልኝ እስቲ ታልቅስ መጥታ፣
ለልጅ አይበቃውም የጎረቤት ዋይታ።

ሴቶቹ "ወይ! ወይ!" እያሉ ተቀበሏት። ማንም አላዘዛቸውም። ልጃቸውን የማያውቁ፣ ዛሬ ማክሰኞ ይሁን እሑድ የማያውቁ ሴቶች፣ የት ላይ ወይ እንደሚባል አልጠፋቸውም። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁ ዝቅ አለ፤ ለሰው መሆኑ ቀረና ለራሷ የምታንጎራጉር መሰለ።

ማኪናው በሙሉ ገባ ከዛሪማ፣
የኔ ልጅ የት ቀረ ድምፁ እንኳ ሳይሰማ።

ሙሾ አውራጅ በእናት አፍ ነው የምታወርደው፤ ልማዱ ነው። የማንም ልጅ ቢሆን የኔ ልጅ ትላለች። ስለዚህ ያን ጊዜ በሙያዋ አለቀሰች ወይስ ለልጇ አለቀሰች ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። "ድምፁ እንኳ" ያለችውን ግን ከየት አመጣችው? ያንን ክላክስ እኔ ለማንም አልነገርሁም።

ያቺ መንገደኛ ሴት ሸራውን ይዛ ትንሰቀሰቃለች፤ ለማን እንደሆነ እሷና አምላኳ ያውቃሉ። አያ ዳኛው፣ "ወንድሜን! ወንድሜን!" ይላሉ። አጎቴ ህሩይ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል፤ ጀርባው ሲርገበገብ አየሁ። የእህቱን ልጅ ከቀበረ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። ልዑልቃል እንደተንበረከከ የእናቴ ዊልቸር ፍሬን ላይ እጁን አድርጎ ቀረ፤ የሚያስቆም ነገር አልነበረም፣ ማስቆምም አልፈለገም።

እኔ ደግሞ ተነሳሁ ብዬ ወደቅሁ። እናቴ እግር ሥር፣ የዊልቸሩ ማረፊያ ላይ። አለቀስሁ። የስፌት መኪና የለም፣ የሚያፍነኝ የለም፤ "ስማቸውዬ፣ ወንድሜ" እያልሁ እንደ ልቤ ጮኽሁ። ልጅ ሆነን ወንዝ ሲያሻግረኝ፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ይዞ ለስፌት መኪናዬ መግዣ ሲያመጣልኝ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ስንት ወር ሙሉ የት አኑሬው ነበር?

ሙሾው ቆመ። ራሴ ላይ እጅ አረፈ።

"አንች ማነሽ?" አለችኝ እናቴ።

"እህቱ ነኝ።"

"ታላቁ ነሽ?"

"ታላቁ ነኝ።"

አገጬን ይዛ ቀና አድርጋ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር፤ እኔን ግን አላወቀችኝም። "ምነው ታዲያ ጥቁር አልለበስሽም? ነጠላሽን እንኳ አላዘቀዘቅሽም። ወንድም ሞቶ እንዲህ ይሆናል?"

"እናቴ እንዳታይብኝ ብዬ ነው" አልኋት። "አልነገርናትም።"

ይህን ስነግራት ፊቷ ላይ ያለፈውን ነገር ዛሬም ልግለጸው ብል አልችልም። ቁጣም አልነበረም። ሁለት እጇን ወደ ትከሻዬ ዘረጋች። ነጠላዬን ከላዬ ገፈፈች፣ ገለበጠች፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አንገቴ ዙሪያ መለሰችልኝ። ጣቶቿ አልሳቱም።

"አልቅሽ" አለችኝ። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። የእናትሽን ነገር ለኔ ተይው። እኔ እነግራታለሁ። አነጋገሩን አውቅበታለሁ።"

በባጃጁ ስንመለስ እንቅልፍ ወሰዳት። አጎቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዊልቸሩን ሲያወርድልኝ ብቻ፣ "ከነገ ጀምሮ ምን ልትያት ነው?" አለኝ። አላውቅም አልሁት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር። ማታ ሾርባዋን ስሰጣት ማንኪያውን ከእጄ ቀማችኝ። ትንሽ ደረቷ ላይ ፈሰሰ፤ የቀረው አፏ ገባ።

ጠዋት ጥቁሩን ቀሚስ ከቁም ሳጥኑ ሥር አወጣሁ። የተጣጠፈበት መስመር አልለቀቀም ነበር፤ እንዲሁ ለበስሁት። ሳፋውን ይዤ ገባሁ። ዓይኗ ውስጥ ውሃ ሲገባ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁና፣ እጄን ውሃው ውስጥ እንደነከርሁ ቆሜ ጠበቅሁ። ነገ ይመጣል እንደማልላት ብቻ ነበር የወሰንሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልወሰንሁም።

አልጠየቀችም። ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ነገርኋት" አለችኝ።

"ማንን?"

"እናትሽን።"

ሳፋውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥሁት። "ምን አለች?" አልኋት።

"ምን ትላለች? እናት አይደለች?" አለች፣ ዓይኗን ወደ በሩ አድርጋ። "አለቀሰች። ሸጋ አድርጋ አለቀሰች።"

ከዚያ ልታጠብ ብላ ፊቷን አቀናችልኝ። ፊቷን አጠብሁላት፤ በዚያው ውሃ የኔንም ታጠብሁ።